የግቢ ወንበሮችና ፀሐይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው የግቢ ዕቃዎችን ከፀሐይና ከዝናብ መጠበቅ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ። የሚሠራባቸው ዕቃዎች ሦስት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ የዋንዛ ጠረጴዛ ከሁለት ዱካዎች ጋር፣ ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮች። የአግዳሚዎቹ እግር 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ)፣ ርብራቡ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ አምስት ጣውላ ለመቀመጫ፣ አራት ለመደገፊያ አለ፤ የአንዱ ጣውላ ልክ ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር። አንደኛው አግዳሚ ምንም ሳይቀባ ኖሮ ሸብቷል። ሁለተኛው ቫርኒሽ ተቀብቶ ተልጧል። ሦስተኛው ገና ከአናጢ የመጣ ነው።

ኅዳር 5 ቀን 2016፦ የሙከራ ቁራጮች ወጡ

ወንበሮቹ ከመነካታቸው በፊት ቁራጭ እንጨት ይሞከራል። ከአንድ የባሕር ዛፍ ጣውላ 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ቁራጮች ተቆረጡ፤ ከዋንዛም እንዲሁ። ከአንድ ጣውላ መውጣታቸው ግድ ነው። ከተለያየ ዛፍ የመጣ እንጨት ሲሸብትም ሲሰነጠቅም መልኩ የተለያየ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የመጣው ከቅቡ ይሁን ከእንጨቱ መለየት አይቻልም።

አንደኛው ባዶውን ተተወ። ሁለተኛው ለቤት ውስጥ በር የሚቀባውን ቀለም አልባ ቫርኒሽ ሦስት እጅ ተቀባ። ሦስተኛው የተፈላ የተልባ ዘይት ብቻ። አራተኛው ያው የተልባ ዘይት፣ ግን የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ተጨምሮበት። አምስተኛው ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) እና ሁለት እጅ ግራጫ የዘይት ቀለም። ስድስተኛው ብዙ ሰው ለአጥርና ለምሰሶ የሚወደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት።

የእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በአሉሚኒየም ቁራጭ ተሸፈነ፤ በኋላ ሲገለጥ ፀሐይ ያየውና ያላየው ጎን ለጎን ይታያል። ለዚህ ሥራ የብረት ላሜራ አይሆንም። በባሕር ዛፍ እንጨት ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረት ዝገት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ስለሚሆን ሙከራው ይበላሻል።

ቁራጮቹ ጣራ ላይ፣ ውኃ እንዲወርድ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ብለው ተቀመጡ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ የምትሄደው አናት አካባቢ ነው፤ ክፉኛ የሚመታው የተጋደመ ገጽ ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰሌዳ ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ መቀመጫ የሚናገረው ጥቂት ነው።

እንጨት ለምን ይሸብታል? የእንጨቱን ቃጫዎች አጣብቆ የሚይዘው ሊግኒን የሚባለው ክፍል አልትራቫዮሌት ጨረርን ይመጥጣል፤ እየመጠጠም ይሰባበራል። መጀመሪያ እንጨቱ ቡናማ ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ የተሰባበረውን ሊግኒን አጥቦ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ነጣ ያለ የሴሉሎስ ጭገር ነው። በዚያ ላይ ሻጋታ ሲያርፍበት ግራጫ ይሆናል። ጨረሩ ወደ እንጨቱ የሚገባው ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ባነሰ ጥልቀት ስለሆነ ሽበቱ የላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ጤነኛ ነው። ከፍታችን ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ከ10 በመቶ በላይ ስለሚጨምር፣ እዚህ የሚወርደው ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይበልጣል። በባሕር ጠረፍ ላለ ከተማ «ሁለት ዓመት ይቆያል» ተብሎ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እንዳለ መቀበል አይገባም።

ግንቦት 3 ቀን 2016፦ ከበጋው በኋላ

ባዶው ቁራጭ ቡናማ ሆኖ አልፎ ሸብቷል፤ በባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የገባ ስንጥቅ አለ። ቫርኒሹ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ብሎ በጥፍር ሲነካ ግን ጠርዙ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። የሚገርመው ከሥሩ ያለው እንጨት ነው፦ ቫርኒሹ ሳይሰነጠቅ በፊት ነጥቷል። ቀለም አልባ ቫርኒሽ ብርሃንን ያሳልፋል፤ እንጨቱ የሚታየውም ስለሚያሳልፍ ነው። የገባው ጨረር ከሥር ሊግኒኑን ሲሰብረው ቫርኒሹ የያዘው ነገር ይለቃል። የተልባ ዘይቱ ብቻ የተቀባው ጠቁሯል እንጂ አልተሰነጠቀም። አራተኛውና አምስተኛው ከተሸፈነው ጫፋቸው ጋር ሲተያዩ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። የሞተር ዘይቱ አሁንም እጅ ያቆሽሻል። ሰው የሚቀመጥበት ነገር ላይ መዋል የለበትም፤ ከዚህ በኋላ ስለ እሱ አይጻፍም።

ጥቅምት 2 ቀን 2017፦ ከክረምቱ በኋላ

ፍርዱ የተሰጠው በክረምት ነው። ቫርኒሹ በትላልቅ ቅርፊት ተነስቷል፤ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ መውጫ ስላጣ ከሥሩ ያለው እንጨት ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ባዶው ቁራጭ እንኳን ከእሱ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚፋቅ ነገር የለበትም። ሦስተኛው፣ ማለትም ዘይት ብቻ የተቀባው፣ ሻጋታ ወርሶታል፤ የተልባ ዘይት ለሻጋታ ምግብ ነው። አራተኛው በፀሐይ በኩል ትንሽ ደብዝዟል፤ ልጣጭ የለም፣ ስንጥቅ የለም። አምስተኛው ከሁሉም የተሻለ ጋሻ ሆኗል፤ ላዩ ብቻ በጥቁር ጨርቅ ሲታሽ ኖራ የመሰለ ዱቄት ይለቃል። ይህም የቀለሙ ማጣበቂያ በፀሐይ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ታዲያ የሚሸፍን ቀለም አንደኛ ከወጣ ለምን አይቀባም? ወንበር ግድግዳ አይደለም። በአንድ አግዳሚ ላይ ዘጠኝ ጣውላ፣ አሥራ ስምንት የተቆረጠ ጫፍ፣ ሠላሳ ስድስት የብሎን ቀዳዳ አለ። ከእነዚህ በአንዱ ውኃ ከገባ ቀለሙ ይነፋል፤ ያኔ ሁሉንም መፋቅ ነው። ዱቄት ያለበት ዘይት ግን ላይ ሆኖ አይላጥም፤ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲሳሳ አጥቦ መደረብ ብቻ ነው። ምርጫው አራተኛው ሆነ። ቀለም ለብረቱ ይቀመጣል።

ጥቅምት 9፦ እጥበትና ምርመራ

በሸበተው አግዳሚ ላይ ያለው ጥቁረት ምን እንደሆነ ሳይለዩ ማጠብ ድካም ነው። በጥቁሩ ነጥብ ላይ በረኪና ጠብ ተደርጎ አንድ ሁለት ደቂቃ ተጠበቀ። ከጠፋ ሻጋታ ነው። ካልጠፋ ወይ አቧራ ነው ወይ ብረት ነው። መቀመጫው ላይ ያለው ጠፋ፤ በምስማሮቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክብ አልተነካም።

ለሻጋታው፦ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውኃ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ በብዙ ውኃ ማጠብ። የብረት ብሩሽ ክልክል ነው፤ የሚሰበረው ሽቦ እንጨቱ ውስጥ ቀርቶ በመጀመሪያው ዝናብ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ከፍተኛ ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ ውኃም ለስላሳውን የእንጨት መስመር ቆፍሮ ስለሚወስድ አልተሞከረም።

ለምስማሩ ጥቁረት አሲድ ነው የሚሠራው። ኦክሳሊክ አሲድ ከተገኘ 60 ግራም በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ፣ ከጓንትና ከመነጽር ጋር። ካልተገኘ የሎሚ ጭማቂ ቀላሉን ያለዝበዋል፤ ጥልቁን አይችለውም። ይህን ግን ከበረኪናው ጋር በአንድ ቀን መሥራት አይገባም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሎሚም አሲድ ነው። በመካከል ታጥቦ አንድ ቀን አየር ላይ ዋለ።

ጥቅምት 11፦ ቫርኒሹን መግፈፍ

ከሁሉ አድካሚው ቀን። የተነሳው በስፓቱላ ወረደ፤ ያልተነሳው በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። የሚያታልለው እዚህ ነው፦ መደገፊያው ከኋላው ፀሐይ ስለማያየው ቫርኒሹ እዚያ እንደ አዲስ ይዟል፤ «ይህስ ይቅር» ያሰኛል። ቢቀር ዘይቱ በቫርኒሹ ላይ ስለማይገባ እንደ ሙጫ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ወረደ። መውረዱ የሚረጋገጠው ውኃ በመርጨት ነው፤ ውኃው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ የተቀመጠበት ቦታ ቫርኒሽ አለበት፣ ወዲያው የጠቆረው ንጹሕ እንጨት ነው። ለአንድ አግዳሚ ስምንት ሰዓትና አሥር የብርጭቆ ወረቀት ፈጀ። የሸበተው አግዳሚ በአንድ ሰዓት ተኩል ማለቁን እዚህ መጻፍ ያስፈልጋል።

ጥቅምት 13፦ መፍታት፣ ብረቱ

ጣውላዎቹ ሁሉ ተፈቱ፤ ቁጥራቸው በሥራቸው በእርሳስ ተጻፈ። ተገጥሞ የተቀባ ወንበር ቱቦላሬው ላይ የሚያርፈው ገጹ ባዶ ይቀራል፤ ውኃ የሚቆመውም እዚያው ነው።

ብረቱ ላይ የሚባል ብዙ ነገር የለም። ዝገቱ በግራይንደር ብሩሽ ወረደ፣ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ተወለወለ፣ አንድ እጅ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቅብ)፣ በማግስቱ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም። በእያንዳንዱ እግር ታችኛ ጫፍ አካባቢ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበሳ፤ በቱቦላሬ ውስጥ የሚጠራቀም ጤዛ መውጫ ካላገኘ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ቀለሙ ፈካ ያለ ግራጫ ነው። ጥቁር ብረት በቀትር እጅ ያቃጥላል፤ በሙቀት ሲለጠጥና በሌሊት ብርድ ሲኮማተርም ብሎኖቹን ያላላል።

እንጨትና ብረት በሚነካኩበት ቦታ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) የተቆረጠ 4 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቁራጭ ይገባል። ሥራው ሁለት ነው፦ ታኒኑን ከብረቱ ይለያል፣ ለአየር ማለፊያ ትንሽ ክፍተት ይሰጣል። ምስማሮቹ ተጥለው የማይዝግ ብረት ብሎን ገባ። ዋጋው ከተራው በጣም ይወደዳል። በዚንክ የተለበጠውም ለጥቂት ዓመት ይበቃል፤ ልባጡ በካቻቪቴ ሲፋቅ ግን መዛግ የሚጀምረው ከራሱ አናት ነው።

ጥቅምት 16፦ እርጥበት

በውኃ የታጠበ እንጨት ሳይደርቅ ዘይት ከተቀባ ዘይቱ አይገባም፤ የገባውም አይይዝም። እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከሌለ የወጥ ቤት ሚዛንና ምድጃ ይበቃል። ከአዲሱ ጣውላ የተቆረጠ 112 ግራም ቁራጭ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ቆየ፤ 94 ግራም ሆነ። የጠፋው 18 ግራም ለ94 ሲካፈል 19 በመቶ ይሆናል፤ ብዙ ነው። ከ15 በመቶ በታች መውረድ አለበት። አዲሱ ጣውላ በጥላ፣ በመካከሉ ስስ እንጨት እየገባለት ተደርድሮ ሦስት ሳምንት ቆየ። በፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይፈጥናል፤ ግን ባሕር ዛፍ በፀሐይ ሲደርቅ ጫፉ ይተረተራል፣ ይጠማዘዛልም። በተቆረጠው ጫፍ በኩል የሚወጣው እርጥበት በጎን ከሚወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ጫፉ ቀድሞ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ለማድረቂያው ጊዜ ጫፎቹ ወፍራም የእንጨት ኮላ ተቀቡ። በኋላ 1 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ኮላው ይወጣል።

ኅዳር 9፦ ማለስለስ፣ ግን ብዙ አይደለም

አናጢ 220 ቁጥር ድረስ ሄዶ እንደ መስታወት ማለስለስ ይወዳል። ለሳሎን ዕቃ ልክ ነው። ለሜዳ ወንበር 60፣ ቀጥሎ 80፤ እዚያ ላይ ማቆም። ሻካራው ገጽ ዘይትና ዱቄት የሚይዝበት ብዙ ቦታ አለው፤ በጣም የለሰለሰው ግን ትንሽ ይጠጣል፣ ቶሎም ይሳሳል። ሰው ልብሱን የሚያሳርፍበት የመቀመጫ ጠርዝ ብቻ በ120 ተዳሰሰ።

የጣውላዎቹ ሹል ጠርዞች ሁሉ በመላጊያ ተሰብረው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ሆኑ። ማንኛውም ቅብ ከሹል ጠርዝ ሸሽቶ ስለሚሳሳ ፀሐይ የምትጀምረው ከዚያ ነው። ጣውላው ሲገጠም በዛፉ ላይ ወደ ልጡ የነበረው ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ የልቡ ወገን ወደ ላይ ከሆነ የዕድገት ቀለበቶቹ ጫፍ እንደ ስንጣሪ እየተነሳ ቀሚስና ሱሪ ይይዛል። የትኛው ወገን እንደሆነ በጫፉ ላይ ያለው ቅስት ይነግራል።

ከተፋቀ በኋላ ሳይቀባ ሳምንት ሁለት ሳምንት በፀሐይ መተው የለበትም። ያ ጊዜ ብቻውን ላዩን ያደክመዋል። ዛሬ የተፋቀው በማግስቱ ተቀባ።

ኅዳር 10፦ ቅልቅሉና የመጀመሪያው እጅ

ሒሳቡ ይህ ነው። አንድ ጣውላ ዙሪያውን 0.35 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሃያ ሰባቱ 9.4፤ ጠረጴዛውና ዱካዎቹ 3 ተደምረው 12.4 ካሬ ሜትር። መጀመሪያው እጅ በሊትር 8 ካሬ ሜትር፣ ሁለተኛው 13 ያህል ይሸፍናል። ድምሩ 2.5 ሊትር ነው፤ ለጥንቃቄ 3 ሊትር ተዘጋጀ።

2 ሊትር የተፈላ የተልባ ዘይት፣ 1 ሊትር አኳራጅ፣ 120 ግራም ቀይ የብረት ኦክሳይድ፣ 40 ግራም ቢጫ፣ 60 ግራም ዚንክ ኦክሳይድ ለሻጋታው። «የተፈላ» የሚለው ስም ያሳስታል። ከገበያ የሚገዛው ማድረቂያ ጨው የገባበት ነው፤ ለምግብ የሚጨመቀውን የተልባ ዘይት ቤት ውስጥ አፍልቶ ያንን ማግኘት አይቻልም፣ እሳትም ያስነሳል። ጥሬው ዘይት ቢቀባ ብዙ ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንታት እርጥብ ሆኖ አቧራ ይሰበስባል።

የብረት ኦክሳይዱ ለሲሚንቶ ወለል ማቅለሚያ የሚሸጠው ዱቄት ነው። ከዝገት ጋር አንድ ዘር ስለሆነ ፀሐይ አታደበዝዘውም። በስፒሪት የሚሟሟ የእንጨት ማቅለሚያ ግን በአንድ በጋ ይጠፋል። ዱቄቱ በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ሲጨመር ይቋጥራል። በመጀመሪያ በጥቂት ዘይት እንደ ድልህ ይለወሳል፣ ቀጥሎ በቀሪው ይቀጥናል፣ በመጨረሻ በናይለን የእግር ሹራብ ይጣራል። የመጀመሪያው ባልዲ ሳይጣራ ስለተቀባ በጠረጴዛው ላይ ጅራታም ኮከብ የመሰሉ ቀይ ጭረቶች ወጡ፤ በአኳራጅ ጨርቅ ወዲያው ተጠርጎ ዳነ። ዱቄቱ ስለሚዘቅጥ በየአምስት ደቂቃው ከሥር መቆስቆስ አለበት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ወንበር ዘይት ብቻ፣ የመጨረሻው ጭቃ ይደርሰዋል።

ሰዓቱ፦ ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ተጀመረ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት አለቀ። ሁሉም በጥላ። በኅዳር ሌሊቱ ስለሚበርድ ወደ ማታ የተቀባ ዘይት ሳይጀምር ጤዛ ያገኘዋል፣ ላዩም ይደበዝዛል። ጫፎቹ በተለየ ሦስት ጊዜ፣ እስኪጠግቡ ድረስ ተቀቡ። ጣውላው ከተቀባ 20 ደቂቃ በኋላ ያልገባው ሁሉ በጨርቅ ተጠረገ።

ጨርቁን በሚመለከት ቸልታ አይሠራም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጨማዶ የተጣለ ጨርቅ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። የተሠራበት ጨርቅ ሁሉ አንድ በአንድ ተዘርግቶ በሽቦ ላይ ከቤት ውጭ ደርቋል። እስኪዘረጋ ድረስ ውኃ ባለበት የብረት ባልዲ ውስጥ ነበር። መጋዘን ጥግ መወርወር፣ ከመጋዝ ብናኝ ጋር መቀላቀል፣ በፌስታል ማሰር፣ ሦስቱም የታወቁ የእሳት መነሻዎች ናቸው።

ኅዳር 12፦ ሁለት ጥፋት

ከዱካዎቹ አንዱ በጥላ ተቀብቶ ሲያበቃ ጥላው ዞሮ ቀትር ላይ ፀሐይ አገኘው። ላዩ ቶሎ ቆዳ ሠራ፣ ከሥሩ ያለው አኳራጅ ሲተን ቆዳውን ነፋው፤ ትናንሽ አረፋ። በ80 ቁጥር ተፋቆ እንደገና ተቀባ።

በአዲሱ አግዳሚ ላይ ሁለት ጣውላዎች ከሁለት ቀን በኋላም እጅ ይይዛሉ። ምክንያቱ ሳይጠረግ የቀረ ትርፍ ዘይት ነው። ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ስለሆነ ከዋንዛ በጣም ያነሰ ይጠጣል፤ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ጊዜ መስጠቱ ነበር ስሕተቱ። መፍትሔው አኳራጅ በነካ ሻካራ ጨርቅ ማሸት ነው። ተጨማሪ ዘይት መቀባት ያባብሰዋል።

ኅዳር 13፦ ሁለተኛው እጅ፣ መግጠም

ሁለተኛው እጅ ስስ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ላይ በ10 ደቂቃ፣ ከዋንዛው በ20 ተጠረገ። ሦስተኛ እጅ የለም። ላይ የሚቀር ዘይት ለፀሐይ እንደ ቫርኒሽ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጣውላዎቹ በመካከላቸው 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ ተገጠሙ። ለሚቀጥለው ቁጥጥር ከአንደኛው ጣውላ ሥር አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በአሉሚኒየም ተሸፈነ።

ኅዳር 17፦ ፕላስቲኮቹ

የተለመደው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፀሐይ የፕላስቲኩን ረጅም ሰንሰለት ትቆራርጠዋለች፤ መጀመሪያ ላዩ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሰበራል። ተራ ቀለም አይይዘውም፤ ይህ ፕላስቲክ ቀለም ስለሚገፋ በጥፍር ይነሳል። ማድረግ የሚቻለው ጥላ ማስገባት ብቻ ነው። ስድስቱም ተፈተሹ፦ እግሩ በእጅ ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣ ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ የሚታይበት ሰው ሊቀመጥበት አይገባም፤ ሲሰበር ቀስ ብሎ አይደለም። ሁለቱ ተጣሉ።

ኅዳር 20፦ ጥላውን ማስላት

ቅብ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ጥላ ይበልጠዋል። በግቢው ደቡብ በኩል 2.5 ሜትር አጥር አለ። በታኅሣሥ 12 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትሆን የአጥሩ ጥላ ወደ ግቢው 1.6 ሜትር ይገባል። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ በሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላው በአጥሩ ውጭ ይወድቃል። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ቀትር ላይ ትክክል አናት ላይ ናት፤ አጥርም ግንድም ጥላ የለውም።

አንደኛው አግዳሚ ከአጥሩ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ (ለአየር፣ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ አይደርቅም) ከጥቅምት 12 እስከ የካቲት 12 ገደማ በቀትር መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይሆናል። በጋው ደመና የሌለበት ጊዜ በመሆኑ ትርፉ ትልቅ ነው። በክረምት ደመናው ራሱ ያግዛል።

ሌሎቹ ሁለቱ የዚህ አጥር ጥላ አይደርሳቸውም። በላያቸው ከአበባ እርሻ የምናውቀው ዓይነት ጥቁር የጥላ መረብ በ2.3 ሜትር ከፍታ ተወጠረ። መረቡ ዝናብ አይከላከልም፤ ከባድ በረዶ ሲጥል ግን ይሸከማል፣ ስለዚህ ማዕዘኖቹ በገመድ እንጂ በብሎን አልታሰሩም። በወንበር ላይ በቀጥታ የሚለበስ ፕላስቲክ ከምንም የከፋ ነው፤ ከሥሩ ሌሊት ይላበዋል፣ ቀን ይቀቅለዋል። መሸፈን ግድ ከሆነ ሸራ፣ ያውም በመካከሉ አየር በሚያሳልፍ ክፈፍ ላይ።

የጠረጴዛው እግሮች ከአፈሩ በ3 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ቁራጭ ላይ ቆሙ።

ሚያዝያ 20 ቀን 2017

በመቀመጫው ላይ ውኃ ሲረጭ እንደ ዶቃ ይቆማል፤ ደህና ነው። ከመረቡ ሥር ያሉት ሁለቱ ከአጥሩ ሥር ካለው ይልቅ ቀለማቸውን ይዘዋል። በአጥሩ ሥር ያለው የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል። የመቀመጫው የፊተኛ ጣውላ፣ ጉልበት የሚታጠፍበት ጠርዝ፣ በሱሪ መታሸት ሳስቷል፤ እዚያ ፀሐይም ሰውም ተባብረዋል። ሌላ የለም።

ጥቅምት 4 ቀን 2018

ከክረምቱ በኋላ በመቀመጫዎቹ ላይ የተረጨው ውኃ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እንጨቱን አጠቆረው። የመደገፊያዎቹ አሁንም ዶቃ ነው። በአሉሚኒየም ተሸፍኖ የነበረው መዳፍ ሲገለጥ ከጎኑ ካለው በጥቂት ብቻ ይለያል፤ የሥሩ ገጽ ስለሆነ የሚጠበቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻጋታ ነጥብ ነበር፤ በረኪናው አጠፋቸው።

መደረብ ያለበት መቀመጫው ብቻ ነው። አሥራ አምስት ጣውላ፣ የላይ ገጹና ጠርዙ ብቻ፣ 2.2 ካሬ ሜትር ያህል። በሳሙና ውኃ ታጠበ፣ ሁለት ቀን ደረቀ፣ በ80 ቁጥር ሳይጫኑ አንድ ጊዜ ተዳሰሰ፣ አንድ እጅ ተቀብቶ ተጠረገ። 200 ሚሊ ሊትር ቅልቅል ወሰደ። ሥራው ከታጠበበት ሌላ አንድ ከሰዓት ነው። ጠረጴዛው ለሚያዝያ ተላለፈ።

የተረፈው ቅልቅል በጠርሙስ ተደረገ። ጎደሎ ጠርሙስ ውስጥ አየሩ ዘይቱን ቆዳ ያወጣዋል፤ ንጹሕ ደረቅ ጠጠር እየተጨመረ ዘይቱ እስከ አፉ ከፍ እንዲል ተደርጎ ተከደነ፣ ላዩ ላይ ቀኑና ልኩ ተጻፈበት።